«ለጥቂት ሳተኝ» የሚያሰኘው ማሽን

ጥያቄ፦ በፋብሪካ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ደመወዙን በስልኩ ላይ ባለ የቁማር ማሽን ጨዋታ ይጨርሳል። «ብዙ ስለተበላሁ አሁን መብላቴ አይቀርም፤ ትናንትም ለጥቂት ነው የሳተኝ» ይለኛል። እውነት ነውን? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እኅታችን፣ እውነት አይደለም። የማሽኑ ፕሮግራም ያለማቋረጥ የዕጣ ቁጥሮችን ስለሚያመነጭ ውጤቱ ቁልፉ በተነካበት ቅጽበት ይወሰናል፤ ሥዕሎቹ የሚሽከረከሩት የተወሰነውን ለማሳየት ብቻ ሲሆን፣ ያለፈው ኪሳራም በሚቀጥለው ዙር ላይ አንዳች ለውጥ አያመጣም።

«ለጥቂት ሳተኝ» የሚለው ስሜት ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘው የፈጠራ ባለሙያው የኢንገ ቴልኔስ ዘዴ፣ በዓይን ከሚታዩት ጥቂት ሥዕሎች በስተጀርባ እጅግ ብዙ ዕጣዎች በኮምፒውተሩ ውስጥ እንዲኖሩ ስላስቻለ፣ ትልቁ ሽልማት ከሚመስለው በላይ ብርቅ ሆነ፤ አምራቾችም ከሽልማቱ ሥዕል አጠገብ ላሉት ባዶ ቦታዎች ብዙ ዕጣ መመደብ ቻሉ፤ ስለዚህ ሽልማቱ ደጋግሞ ለጥቂት ያመለጠ ይመስላል። ወንድምዎ 10 ብር አስይዞ 4 ብር ሲመለስለትም ማሽኑ በሙዚቃና በብርሃን ያደምቅለታል እንጂ 6 ብር መክሰሩን አይነግረውም፤ ይህ በእጅጉ ያሳዝነናል።

ወንድምዎን በስንፍና አይውቀሱት። ደመወዙ በገባበት ዕለት የኪራዩንና የቀለቡን ገንዘብ እርስዎ እንዲይዙለት ይስማሙ፤ መተው ካቃተው የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ያማክሩ።