ለአራስ ልጅ ጋሪ ስንመርጥ፦ ጥያቄና መልስ

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ሕፃን ጋሪ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ልመልስ። ሥራዬ ጋሪ መሸጥና መጠገን ነው። ስለ ፍሬን፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ቀበቶ፣ ስለ መታጠፊያ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ሐኪም ግን አይደለሁም። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ። አራስ ልጅ ጋሪ ውስጥ የሚተኛው በጀርባው፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ነው። ፊቱ ደግሞ አይሸፈንም።

ከአያት ሰፈር፦ እትዬ፣ ልወልድ አንድ ወር ቀርቶኛል። «ከ0 ወር ጀምሮ» የሚል ስትሮለር አሳዩኝ። ወንበሩ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ይበቃል?

መልስ፦ በሰላም ተገላገይ እህቴ። ጽሑፉን ብቻ አትመኚ። ወንበሩን እስከ መጨረሻው አስተኚውና ጎንበስ ብለሽ ከጎን እዪው። ራስጌው ከፍ ብሎ ከቀረ ወይም መሃሉ ጎድጎድ ካለ ለአራስ አይሆንም። የአራስ ጭንቅላት ለሰውነቱ ከባድ ነው፤ አንገቱ ገና አልጸናም። ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ሲወስደው አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና የሚተነፍስበት ይጠባል። አያለቅስም፣ አይንፈራገጥም። ስታዪው እንቅልፍ የወሰደው ነው የሚመስልሽ። ስለዚህ ባሲኔት ያለው፣ ማለትም እንደ ትንሽ አልጋ ዝርግ የሆነ መኝታ ያለው ይሻላል። ያለ ድጋፍ መቀመጥ እስኪችል፣ 6 ወር ገደማ ድረስ፣ እሱ ላይ ይተኛል። ፍራሹን በመዳፍሽ ተጫኚው፤ ጠንከር ይበል፤ በዙሪያው ክፍተት አይኑረው። ትራስ፣ የተጠቀለለ ጋቢ፣ አሻንጉሊት አይግባበት። ባሲኔቱን ጋሪው ላይ ስትገጥሚው መቆለፊያው በግራም በቀኝም «ቀጭ» ማለቱን ስሚ። ከዚያ ልጁን ሳታስገቢ ወደ ላይ ሳብ አድርገሽ ፈትሺው።

ከሳር ቤት፦ ግራጫ ይሻላል ጥቁር?

መልስ፦ የወደድሽው። ጥቁሩ ፀሐይ ላይ ይግላል።

ከመገናኛ፦ የኔ ሴት ናት። እስከ ክርስትናዋ ከቤት አናወጣትም። 80 ቀን ሲሞላት እንግዲህ ጠፍጣፋው አያስፈልጋትም አይደል?

መልስ፦ ያስፈልጋታል። 80 ቀን 3 ወር እንኳ አይሞላም። ወንዱማ በ40 ቀኑ ነው የሚወጣው፤ እሱ ጨርሶ ገና ነው። ክርስትና ከተነሡ በኋላም ጠፍጣፋው ላይ ይተኛሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኛ የገዛነው ካር ሲቱ፣ የመኪናው የልጅ ወንበር፣ ጋሪው ላይ የሚገጠም ነው። ልጁ መኪና ውስጥ ሲተኛ ሳልቀሰቅሰው እንዳለ አወጣዋለሁ። ሞል ውስጥም እዚያው ላይ ይተኛል። ችግር አለው?

መልስ፦ ካር ሲት የተሠራው ለመኪና ነው። ከመኪና ወደ ሱቅ ለአጭር ጊዜ ብትገፊው ክፉ አይደለም። መኝታ ግን አይደለም። በተለይ ከ4 ወር በታች ያለ ልጅ ካር ሲት ላይ ሲተኛ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል ያልኩት ነገር ይመጣል። እንደደረስሽ አውጥተሽ ጠፍጣፋ ላይ አስተኚው። ረጅም መንገድ ስትሄዱም በየመሃሉ ቁሙና አውጡት። ቀበቶውን ደግሞ ቆይቶ እንዲተኛ ብለሽ አታላዪው። የላላ ቀበቶ ራሱ አደጋ ነው።

ከአዲሱ ገበያ፦ ዘመዳችን ከአሜሪካ ያገለገለ ጋሪ ይዛልን መጣች። ማኑዋል የለውም። ልጠቀምበት?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ያገለገለ ጋሪ በራሱ ክፉ አይደለም። ሳይፈተሽ ልጅ የተጫነበት ነው ክፉ። መጀመሪያ ፍሬሙ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፈልጊ። የሞዴል ቁጥርና የተሠራበት ቀን አለው። ያንን ቁጥር የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ አስገቢና ተመልሶ እንዲሰበሰብ የተጠራ መሆኑን እዪ። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. ማክላረን የሚባለው የጋሪ አምራች አሜሪካ ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን ጋሪ ጠርቷል። ጋሪው ሲዘረጋ መታጠፊያው የልጅ ጣት ይይዝ ነበር፤ የ12 ልጆች የጣት ጫፍ መቆረጡ ተመዝግቧል። መፍትሔው መታጠፊያው ላይ የሚለበስ መሸፈኛ ነበር፤ በነፃ ይሰጡ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ሌላው አምራች ግራኮም በተመሳሳይ ምክንያት ከ4 ሚሊዮን በላይ ጠርቷል። እነዚያ ጋሪዎች ዛሬም በሻንጣ እየታጠፉ ይመጣሉ። ስለዚህ ጋሪ ስትዘረጉም ስታጥፉም ልጅ አጠገቡ አይቁም።

ቀጥሎ ፍሬን። የኋላ ጎማዎቹን ገልብጠሽ በስልክሽ መብራት እዪያቸው። ፔዳሉን ስትረግጪ አንድ ዘንግ ወጥቶ ጎማው ላይ ባሉት የፕላስቲክ ጥርሶች መሃል ይገባል። ጥርሶቹ ጠርዛቸው ተበልቶ ከተድበለበለ ዘንጉ ሜዳ ላይ ይይዛል፣ ቁልቁለት ላይ ይዘላል። ስለዚህ 10 ኪሎ ዱቄት መኝታው ላይ ጫኚ። ቁልቁለት ላይ አቁሚና ፍሬኑን ያዢ። አንዴ ፊቱን ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ አድርጊ። በእጅሽ ገፋ ገፋ አድርጊው። ጎማው ትንሽ እንኳ ከተንከባለለ ልጅ አይጫንበትም። በአንድ ፔዳል ሁለቱንም ጎማ የሚይዝ ፍሬን ይመረጣል። ያንዱን ጎማ ይዞ ሌላውን መርሳት አለና።

ቀበቶው ሁለት ለትከሻ፣ ሁለት ለወገብ፣ አንድ በእግሮቹ መሃል የሚመጣ፣ በ5 ቦታ የሚይዝ ይሁን። የሦስት ቦታውን አልወደውም።

ከሐዋሳ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? እኛ ሁላችንም በአንቀልባ ታዝለን ነው ያደግነው። ጋሪ የፈረንጅ ነገር ነው።

ከዱባይ፦ እማማ፣ እዚህ በ40 ዲግሪ ሙቀት ልጅ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ልሂድ?

ከሐዋሳ፦ የናቱ ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ምን ይሆናል? ልቧን እየሰማ ነው የሚተኛው።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ወገቤ በኦፕራሲዮን ምክንያት አይችልም እማማ። ሰው እንደየአቅሙ ነው።

መልስ፦ ማዘልን የሚቃወም የለም፤ እኔም አዝያለሁ። አንገቱ ያልጸና ልጅ ግን ጀርባ ላይ ከሆነ አናየውም። ከፊት ይታቀፍ፣ ፊቱ ይታየን፣ አገጩ ከደረቱ ይራቅ። አሁን ወደ ጋሪው እንመለስ።

ከጎንደር፦ ሰው ዐይን እንዳይበላው ነጠላ ጣል ባደርግበትስ? ስስ እኮ ናት።

መልስ፦ አይሆንም። ስስ ጨርቅም ቢሆን ከጋሪው ጣሪያ ላይ ሲወርድ አየር ይዘጋል። ውስጡ ቶሎ ይሞቃል። ልጁንም አታይውም።

ከመገናኛ፦ አክስቴ ግን ሳትሸፍኑ አትውጡ ትላለች። ምችስ?

ከጎንደር፦ እኔም የምለው እሱን ነው። ጠዋት ብርድ አለ።

መልስ፦ ብርድ ከሆነ ልብስ ደርቡለት፤ ፊቱን አትሸፍኑ። ፀሐይ ከሆነ ጣሪያውን ሳቡ፣ ዣንጥላ ግጠሙ፣ በጥላ በኩል ሂዱ። ሙቀቱን በእጁና በእግሩ አትለኩ፤ እነሱ ይቀዘቅዛሉ። ደረቱን ወይም ማጅራቱን ንኩት። ካላበው ቀንሱለት። ረጅም ክርም ጋሪው ውስጥ አይንጠልጠል።

ከዱባይ፦ እርጥብ ጨርቅ ከሆነስ? አየር ያቀዘቅዛል ይላሉ።

መልስ፦ መሸፈን መሸፈን ነው። በዚያ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ አትውጪ።

ከኮዬ ፈጬ፦ 4ኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ሊፍት የለም። መንገዱ ኮብልስቶን ነው። ምን ዓይነት ልግዛ?

መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። አንተ ሁለት የሚጣሉ ነገሮች አሉብህ። ኮብልስቶን ትልቅ ጎማና ሞላ ይፈልጋል። በትንሽ ጠንካራ ጎማ ከገፋኸው እያንዳንዱ ድንጋይ ልጁን ይንጠዋል፤ የፊት ጎማውም ክፍተት ውስጥ ይገባና ጋሪው ቀጥ ይላል። ደረጃው ደግሞ ቀላል ይፈልጋል። ባሲኔቱ ከፍሬሙ የሚነሣ ግዛ። ፍሬሙን ታች ጎረቤት ወይም ጥበቃ ጋ አስቀምጥ፤ ልጁን በክንድህ ይዘህ ውጣ። ልጅ ያለበትን ጋሪ ደረጃ ላይ አታንሣ፤ አንዱ እግር ሲያዳልጥ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ። በንፋስ የሚሞላ ጎማ ለኮብልስቶን ምቹ ነው፤ ሲተነፍስ ግን ጎሚስታ መፈለግ አለ። ፎም የተሞላው አይተነፍስም። ኮሪደር ልማቱ ያለፈበት አካባቢ ብትሆን ኖሮ ትንሽ ጎማም ይበቃህ ነበር።

ሌላው፣ ሸመታችሁን እጀታው ላይ አታንጠልጥሉ። ልጁን ስታነሡት ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል። ሽንኩርቱ ከታች ቅርጫቱ ውስጥ ይግባ።

ከፒያሳ፦ የትኛው ጋሪ ነው ጥሩ?

መልስ፦ ለማን? የት መንገድ ላይ? በምን ትሄዱበታላችሁ?

ከፒያሳ፦ እንዲያው ጥሩ የሚባለውን ንገሪኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ስጽፍ ነበር። አንብበውና ተመለስ።

ከቦሌ፦ ስንት ብር ነው?

መልስ፦ ዋጋ በየሳምንቱ ይለያያል። ሱቅ ጠይቁ።

ከፍራንክፈርት፦ እዚህ አዲስ ስንገዛ የምናየው ምልክት አለ?

መልስ፦ ኢኤን 1888 (EN 1888) የሚል ጽሑፍ ፈልጊ። የአውሮፓ የጋሪ ደረጃ ነው። ፍሬን፣ መቆለፊያ፣ መረጋጋት፣ ጣት የሚይዝ ክፍተት ሁሉ በእሱ ይፈተሻል።

ከአዳማ፦ ልጄ ወተት ያስመልሰዋል። ራስጌው ሥር ጋቢ አጥፌ ከፍ ላድርግለት?

መልስ፦ አታድርጊ። ልጁ ወደ ታች ይንሸራተትና አንገቱ ይታጠፋል። ስለ ማስመለሱ ሐኪም ጋ ውሰጂው።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ባለቤቴ ሩጫ ይወዳል። ልጁን በባለሦስት ጎማው የሩጫ ጋሪ ይዞ ልሩጥ ይላል። 2 ወሩ ነው።

መልስ፦ አይሆንም። ቢያንስ ከ6 ወር በኋላ፣ አንገቱ ሲጸና፣ ሐኪም ጠይቃችሁ። ያኔም የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ ይቆለፍ፤ ጋሪውን ከእጁ ጋር የሚያያይዘውን ማሰሪያም ይልበስ።

ከሳሪስ፦ ተኝቶ ነው የሚሄደው ወይስ ተቀምጦ? ልጄ 1 ወሩ ነው።

መልስ፦ ጠፍጣፋ። በጀርባው። ፊቱ ክፍት። ለዛሬ ይሄንን ደግሜ አልጽፍም።

ከአያት፦ እትዬ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ረሳሁ። መንታ ነው የያዝኩት። ጎን ለጎን ይሻላል ወይስ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ?

መልስ፦ እሰይ! ይሄን መጀመሪያ ብትነግሪኝ። ሁለቱም ጠፍጣፋ መኝታ ሊኖራቸው ይገባል፤ አንዱ ተኝቶ አንዱ መቀመጥ የለም። ጎን ለጎኑ ለመግፋት ሚዛኑ ጥሩ ነው፣ ሁለቱንም ታያቸዋለሽ፤ ግን ሰፊ ነው። የፊትና የኋላው በበር ያልፋል፤ ግን ረጅም ነው፤ የመንገድ ጠርዝ ለመውጣት ይከብዳል። የቤትሽን በርና የግቢሽን መግቢያ በሜትር ለኪና ቁጥሩን ላኪልኝ።