ትኩሳቱ የጀመረው መቼ ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከጅማና ከአካባቢዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በትንኝ ስለሚተላለፉ የቫይረስ በሽታዎች የሚጠይቁ ናቸው። ሦስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ በሕክምና ላቦራቶሪ ተመርቄ በአንድ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። የደንጊን፣ የቺኩንጉንያንና የቢጫ ወባን ቫይረስ የሚያጠና ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ። ምን ልማር? ሥራውስ በተግባር ምን ይመስላል? (ከሂርማታ)

መልስ፦ የትምህርቱ መንገድ የታወቀ ነው፤ በሕክምና ማይክሮባዮሎጂ ወይም በነፍሳት ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ፣ ከዚያ ፒኤችዲ። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፤ ሌላውን ግን ችላ አይበሉ። ቫይረሱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ትንኟን የት እንደሚፈልጋት አያውቅም፤ ትንኟን ብቻ የሚያውቀው ደግሞ የያዛትን እንዴት እንደሚያቆይ ይቸግረዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሰኮሩ ላይ የሐሩር ክልልና የተላላፊ በሽታዎች ምርምር ማዕከል አለው፤ ሄደው ይጠይቁ። ሥራው ደግሞ ሰው ይፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ድሬዳዋን እንዴት እንዳመሷት የሚታወስ ነው።

አሁን ባሉበት ጤና ጣቢያ ሆነው ዛሬውኑ ሊጀምሩት የሚችሉት ትልቁ ሙያ ግን የናሙና አያያዝ ነው። ጥናቱ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ የቫይረሱን የዘር ቁስ አባዝቶ በሚፈልገው ፒሲአር ማሽን ላይ ሳይሆን ደሙ በሚቀዳበት ወንበር ላይ ነው።

የደንጊ ቫይረስ በደም ውስጥ በደንብ የሚገኘው ትኩሳቱ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ገደማ ነው። ከዚያ ቫይረሱ እየቀነሰ አይጂኤም የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ይበዛል። በ2ኛው ቀን የተቀዳ ደም ለፒሲአር፣ በ8ኛው ቀን የተቀዳ ለአይጂኤም ምርመራ ይሆናል። የትኩሳቱ መነሻ ቀን ያልተጻፈበት ናሙና ኔጌቲቭ ቢወጣ፣ ቫይረሱ ጭራሽ ስላልነበረ ይሁን ጊዜው ስላለፈበት ማንም ሊነግርዎ አይችልም። ታማሚውን "መቼ ጀመረዎት?" ብቻ ብለው አይለፉት። ሰው የሚያስታውሰው ቀኑን በቁጥር ሳይሆን በገበያ ቀን ወይም በጁምዓ ነው፤ "ከጁምዓ በፊት ነው በኋላ?" ብለው ይጠይቁና ወደ ቀን ይመልሱት።

ደሙን 5 ሚሊ ሊትር ያህል ቀይ ክዳን ባለው ቱቦ ይቅዱ። 30 ደቂቃ ቆሞ ይርጋ፤ ከዚያ በሴንትሪፊውጅ ለ10 ደቂቃ አዙረው ሴረሙን፣ ማለትም ከረጋው ደም የሚለየውን ፈሳሽ፣ በሦስት ትናንሽ ቱቦዎች ያከፋፍሉ። ሦስት የሚሆነው፣ ናሙናው ቀልጦ እንደገና በቀዘቀዘ ቁጥር ቫይረሱም የዘር ቁሱ አርኤንኤም ስለሚጎዳ ለአንድ ምርመራ አንድ ቱቦ ብቻ እንዲወጣ ነው። አረንጓዴ ክዳን ያለውን ቱቦ አይንኩ፤ በውስጡ ያለው ሄፓሪን ፒሲአሩን ያግደዋል። ሐምራዊው ችግር የለውም። ሴረሙ ሳይለይ በኮረኮንች መንገድ የተጓዘ ደም ቀይ ሴሎቹ ይፈርሳሉ፤ ሴረሙ ቀልቶ ይደርሳል፤ ያ ቅላት የሆነው ሄሞግሎቢንም እንዲሁ ፒሲአር ያውካል። ስለዚህ መጀመሪያ ይለዩ፣ ከዚያ ይላኩ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ 48 ሰዓት ድረስ ይቆያል፤ ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ያስፈልጋል። የተራ ፍሪጅ በረዶ ቤት መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ስለሚቀልጥ አይታመንም።

ወደ ትንኟ ስንመጣ፣ እነዚህን ቫይረሶች የምታስተላልፈው ኤዴስ የምትነድፈው በአብዛኛው በቀን ነው፤ በተለይ በማለዳና ከምሽት በፊት። ለወባ ትንኝ ሌሊት የሚሰቀለው የብርሃን ወጥመድ እሷን እምብዛም አይዝም። ጥቁር የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ግማሽ ውኃ አድርገው በዳሩ ሻካራ ወረቀት ቢያስቀምጡ እንቁላሏን ትጥልበታለች፤ አዋቂዋን ለመያዝ መምጠጫ መሣሪያ ይሻላል። የተያዙት ሳይሞቁ በቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ በዝርያ፣ በጾታና በተያዙበት ቦታ ይለያሉ፤ በአንድ ቱቦ ከ50 አይበልጡም። ደም የጠጡትን ለብቻ ማድረግ ግዴታ ነው። ሆዷ ደም የሞላ ትንኝ ቫይረስ ቢገኝባት የራሷ ሳይሆን የነደፈችው ሰው ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ ከሆዷ አልፎ በአካሏ መሰራጨቱን ለማወቅ እግርና ክንፏ ተነጥሎ ይመረመራል፤ ልታስተላልፍ መቻሏ የሚታየው ደግሞ በምራቋ ነው። ወንዶቹንም አይጣሉ። ወንድ ትንኝ ደም ስለማይጠጣ ቫይረስ ከተገኘበት ከእናቱ በእንቁላል ወርሶት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ትልቅ ግኝት ነው።

የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ላይ ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ደንጊ፣ ቢጫ ወባና ዚካ የአንድ ቤተሰብ ቫይረሶች ስለሆኑ አንዱን የለመደ ደም ለሌላውም ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። የቢጫ ወባ ክትባት የወሰደ ሰው በደንጊ መመርመሪያ ኪት ፖዘቲቭ ቢወጣ አይደንግጡ፤ የክትባት ታሪኩን በቅጹ ላይ መጻፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጥርጣሬ ሲኖር የታማሚውን ሴረም ደረጃ በደረጃ አቅጥነው ከቫይረሱ ጋር ለ1 ሰዓት በ37 ዲግሪ ያቆዩታል፤ ከዚያ ቬሮ በሚባሉ ሴሎች ላይ አድርገው ከቀናት በኋላ ቫይረሱ የፈጠራቸውን ባዶ ነጠብጣቦች ይቆጥራሉ፤ ነጠብጣቦቹ ካነሱ ሴረሙ ያንን ቫይረስ አግዷል ማለት ነው። አድካሚ ነው፤ ግን ከኪት ይልቅ የሚታመነው ይህ ነው።

ከላቦራቶሪው ውጭ ያለው ሥራ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይወጣ አንድ ጠብታ ደም አይቀዳም። የፈቃደኝነት ቅጹ በአፋን ኦሮሞም ተዘጋጅቶ በቃል መነበብ አለበት፤ ያልገባው ሰው ፈረመ ማለት ፈቀደ ማለት አይደለም። ሬጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ከውጭ ስለሚመጣ የመስክ ሥራውን ወቅት አስበው አስቀድመው ይዘዙ። እርስዎ ራስዎ ደግሞ መስክ ከመውጣትዎ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድመው የቢጫ ወባ ክትባት ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ጓሯችን እንሰት ሞልቶታል። እንሰት የቢጫ ወባ ትንኝ ያራባል ሲሉ ሰማሁ። እንቁረጠው? (ከሰቃ)

መልስ፦ አይቁረጡት። ወሬው ግን መሠረት አለው። የእንሰት ቅጠል ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ጎድጓዳ ዝናብ ያቁራል፤ ኤዴስ ሲምፕሶኒ የምትባለው ትንኝም እዚያ ትራባለች። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ሸለቆና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በተነሳው ወረርሽኝ 100,000 ያህል ሰው እንደታመመና 30,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል፤ በሽታውን ከሰው ወደ ሰው በማዛመት በዋናነት የተጠረጠረችው ይህችው ትንኝ ናት። ነገር ግን ቢጫ ወባን የሚያቆመው ክትባት ነው። 0.5 ሚሊ ሊትር አንዴ ከተወጉ ዕድሜ ልክ ይበቃል። ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም። እንቁላል የሚያስቆጣው ወይም የመከላከል አቅሙ በጣም የደከመ ሰው፣ ነፍሰ ጡር እና ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሐኪም ሳያማክሩ አይከተቡ።

ጥያቄ፦ ሲያተኩሰኝ ወባ ኔጌቲቭ ይባላል፤ ከዚያ ታይፎይድ ነው ይሉኛል። ደንጊ ቢሆንስ? አስፕሪን ብወስድ ምን አለበት? (ከቦሳ ኪቶ)

መልስ፦ ደንጊ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንም ሆነ ዳይክሎፌናክ አይውሰዱ፤ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም እንዳይበልጥ። ትኩሳቱ ሲበርድ ዳንኩ ብለው አይዘናጉ። የደንጊ ከባዱ ጊዜ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ትኩሳቱ ሲወርድ ነው። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ መድማት ወይም መቅበጥበጥ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ። ሲመረመሩ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን ሳይጠየቁ ይናገሩ።

ቤትዎ ያለውን በርሜልና ሮቶ ይክደኑ፤ አሮጌ ጎማ ከዝናብ ያንሱ። በርሜሉን ውኃውን ደፍቶ መተው አይበቃም። የኤዴስ እንቁላል ከውኃው በላይ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ለወራት ደርቆ ይቆያል፤ ውኃ ሲሞላ ይፈለፈላል። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ 10 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ በሳምንት አንዴ ውስጡን በብሩሽና በሳሙና ፈግፍገው ይጠቡት።