ጥያቄና መልስ፦ እናት ዓሣ ነባሪ ለምን አትሸሽም?

ስለ ዓሣ ነባሪዎች ስደት ከጻፍኩ ወዲህ ከጎንደርና ከአካባቢዋ ደብዳቤ በርክቷል። ባሕር የሌለው አገር ሰው ስለ ባሕር ሲከራከር ደስ ይለኛል።

ከጎርጎራ፦ ጣና ላይ ማምሻውን ጀርባው ብቻ የሚታይ ግዙፍ ነገር አየሁ፤ ዓሣ ነባሪ ይሆን?

ጉማሬ ነው። ታንኳዎን ያርቁ።

ከአዘዞ፣ አንድ መምህር፦ ኦርካዎች (በመንጋ የሚያጠቁ የባሕር አዳኞች) ጎባጣ ከሚባለው ዝርያ የሆነች ዓሣ ነባሪንና ግልገሏን ሲያሳድዱ በቴሌቪዥን አይተው ተናድደዋል። ያን የሚያህል ፍጥረት እንዴት አያመልጥም? አባትየውስ ምን ይሠራል?

መሸሽ ስለማያዋጣ ነው። ኦርካ በፍጥነት ይበልጣታል። ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ቀጠን ብሎ ስለተሠራ ይሮጣል፤ ጎባጣው ግን ደንዳና ነው፣ ቆሞ ይዋጋል። የጎን ክንፉ የቁመቱን ሲሶ ያህላል፤ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ጠርዙ ላይ የተጣበቁት ባለቅርፊት ፍጥረታት እንደ ሞረድ የሻከሩ ናቸው። ጅራቱ ደግሞ ሌላ ዱላ ነው።

ኦርካዎቹ የሚፈልጉት ግልገሉን ነው። ከእናቱ ጎን ነጥለው ላዩ ላይ እየወጡ ትንፋሽ ይነሡታል። እርሷም በጀርባዋ ወይም በራሷ ከውኃው በላይ ታነሣዋለች፤ ከሥሯ የሚመጣባት እንዳይኖርም ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ ትጠጋለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው በጾም ነው። በሞቃታማው የመውለጃ ባሕር እምብዛም አትበላም፤ ወተቱም ግብግቡም የሚወጣው ካጠራቀመችው ስብ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ የሚሻላት አለመሰማት ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ፣ በኤክስማውዝ ባሕረ ሰላጤ፣ ተመራማሪዎች በእናቶችና በግልገሎች ላይ የድምፅ መቅጃ ለጥፈው ሲያዳምጡ ያገኙት ሹክሹክታ ነበር። ግልገሉ ሲርበው አይጮኽም፤ እናቱን ይታከካታል። ለእኔ ከጅራቱ ምት ይልቅ የሚደንቀው ይህ ነው። ቴሌቪዥን ግን ዝምታን አያሳይም።

“አባትየው” ያሉት አጃቢ አባት ላይሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከእናቲቱ ጋር ለመጣመር ተስፋ አድርጎ የሚከተል ወንድ ነው። ይሁንና ኦርካ ሲመጣ መሀል ገብቶ ይማታል፤ የአጥቂዎቹንም ሥራ ያከብዳል። ሐሳቡ ምንም ይሁን፣ ምቱ ያው ምት ነው።

ከማራኪ፣ ተማሪ፦ ጎባጣዎቹ ሌሎች እንስሳትንም ከአደጋ ያድናሉ ይባላል። ደግ ናቸው ማለት ነው?

በ2009 እ.ኤ.አ. በአንታርክቲካ አንድ ጎባጣ ዓሣ ነባሪ በጀርባው ተንጋልሎ፣ ኦርካዎች የሚያሳድዱትን “ሲል” የተባለ የባሕር እንስሳ ደረቱ ላይ ይዞ ታይቷል። ድርጊቱ እውነት ነው፤ ጽድቁን ግን እኛ ነን የጨመርንበት። ተመራማሪዎች ከሚያቀርቧቸው ማብራሪያዎች አንዱ ይህ ነው፦ ጎባጣው በአደን ላይ ያሉ ኦርካዎችን ድምፅ ሲሰማ የተጠቃው ወገኑ ሊሆን ስለሚችል ገስግሶ ይደርሳል፤ የተጠቃው ሌላ ሆኖ ቢገኝም ከመግባት አይመለስም።

ከአራዳ፦ ለእኛ የሚቀርበው ጎባጣ ዓሣ ነባሪ የት ይገኛል?

በዐረብ ባሕር፣ በኦማን ጠረፍ። እነዚያ እንደ ሌሎቹ አይሰደዱም፤ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው።

ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁ ሰው፦ ዮናስን የዋጠው ጎባጣው ነው?

የጎባጣው ጉሮሮ ሰው አያሳልፍም። የቀረውን የኔታን ይጠይቁ።

አንዲት እናት፦ ከገበያ የገዙትን “የዓሣ ነባሪ ዘይት” ለጉልበታቸው ጠዋትና ማታ ይጠጣሉ። ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው ሻጩ “ሲያሽር ነው” ብሏቸዋል።

እናቴ፣ ዓሣ ነባሪን ለንግድ ማደን በዓለም አቀፍ ውሳኔ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዷል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው የሞላው ሰው ብቻ ነው። ዛሬውኑ ያቁሙ። “እስኪ ትንሽ ልየው” አይበሉ። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ሄደው ካርድ ያውጡ፤ ጠርሙሱንም ይዘው ይሂዱና ለሐኪሙ ያሳዩ።