የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የሰፈር ክሪኬት ክለብ ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ አካባቢ ነው። ልጄ የሚጫወትበት የክሪኬት ክለብ ለምሥረታ በዓሉ አጭር ታሪክ እንዳዘጋጅ ጠይቆ ሁለት ካርቶን የውጤት መዝገብና ቃለ ጉባኤ አስረክቦኛል። ሰሌዳው ላይ ያለው የምሥረታ ዓመትና ወረቀቶቹ አይገጥሙም። ከየት ልጀምር? (የተጫዋች እናት)

መልስ፦ ሰሌዳውን ለጊዜው ይተዉት። የሰፈር ክለብ ይፈርሳል፣ በሌላ ስም ይነሣል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሃዳል። ሰሌዳ የሚያሠራው ኮሚቴ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዓመታቱ ሁሉ አሮጌውን ይመርጣል። ስለዚህ ሦስት ቀኖችን ለየብቻ ይመዝግቡ፦ የመጀመሪያው ግጥሚያ፣ የመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሕጋዊ ምዝገባ። ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ውስጥ የማኅበራት ምዝገባ ሕግ የወጣው በ1981 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ የምዝገባ ወረቀቱን ቀን እንደ ልደት ቀን የሚወስድ ሰው አይጠፋም።

ካርቶኖቹን በዓመት ሳይሆን በውድድር ዘመን ይለዩ። ጨዋታው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ግድም ስለሚዘልቅ የሚጻፈው «1932–33» ተብሎ ነው። «1933» ብቻ ካሉ ዋንጫው አንድ ዓመት ይንሸራተታል። የዛገ ስፒል በጥንቃቄ ያውጡ፤ የተቀደደን ገጽ በፕላስተር አይለጥፉ፣ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ቀለሙን ያበላሻል። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሥተው ፋይሉን በውድድር ዘመን፣ በምድብና በዙር ይሰይሙ።

ቀጥሎ ትሮቭ፣ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነፃ የጋዜጣ ክምችት። በቅጂ መብት ምክንያት አብዛኞቹ ጋዜጦች 1954 ላይ ይቆማሉ። ጽሑፉን ያነበበው ማሽን ስለሆነ ደቃቁ የክሪኬት ዓምድ በስሕተት የተሞላ ነው። የክለቡን ስም ከሜዳው ስም ጋር ይፈልጉ፣ አጻጻፉን እያዛቡም ይሞክሩ፣ ሁልጊዜም የገጹን ምስል ከፍተው ያመሳክሩ። ስሕተቱን እዚያው ማረም ይቻላል፤ ለሚቀጥለው ፈላጊ ውለታ ነው። ከ1954 ወዲህ ላለው ወደ ሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ማይክሮፊልምና ወደ ከተማው ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ይሂዱ። ኳሱ የሚነጥርበት የሜዳው መሀል ኮንክሪት መቼ እንደፈሰሰ፣ የቃጫ ምንጣፉ መቼ በሰው ሠራሽ ሣር እንደተተካ የሚገኘው እዚያ ነው። ሜዳው ሲለወጥ ኳሱ ከመሬት ነጥሮ የሚነሣበት ሁኔታ ስለሚለወጥ የሁለት ዘመን መቺዎችን ውጤት ሳያብራሩ ጎን ለጎን አያስቀምጡ።

ስሌት ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። የመቺዎቹ ራን (ነጥብ) እና የተጨማሪዎቹ (ለማንም መቺ የማይቆጠሩ ነጥቦች) ድምር ከቡድኑ ውጤት ጋር እኩል መሆን አለበት። የመቺ አማካይ የሚካፈለው በወጣበት (ከጨዋታ በተሰናበተበት) ጊዜ ብዛት እንጂ በኢኒንግስ (የመምቻ ተራ) ብዛት አይደለም፦ በ12 ኢኒንግስ 270 ራን አስመዝግቦ ሦስቴ ሳይወጣ የቀረ መቺ አማካዩ 30 ነው፣ 22.5 አይደለም። ከቁጥሩ አጠገብ ያለችው ኮከብ «አልወጣም» ማለት ናት።

«ታላቁ እገሌ እኛ ዘንድ ተጫውቷል» የሚል ወሬ በየክለቡ አለ። መርቭ ሂዩዝ በ53 ቴስት (በአገሮች መካከል የሚደረግ ረጅም ግጥሚያ) 212 ዊኬት የወሰደ፣ ማለትም ይህን ያህል ጊዜ መቺ ያስወጣ፣ ለፉትስክሬይ ክለብ የተጫወተ ወርዋሪ ነው፣ ሜዳም በስሙ ተሰይሟል። ክለባችሁ ስሙን ከጠራ ግን የውጤት መዝገቡ ላይ ካላገኙት አይጻፉት።

ጥያቄ፦ የ1960ዎቹ መዝገቦች በአንድ ኦቨር (አንድ ወርዋሪ በአንድ ተራ የሚወረውረው) ስምንት ኳስ ያሳያሉ። መዝጋቢው ተሳስቶ ነው? (ያቺው እናት)

መልስ፦ አልተሳሳተም። አውስትራሊያ ውስጥ እስከ 1978–79 ኦቨር ስምንት ኳስ ነበር፤ በ1979–80 ስድስት ሆነ። «15.6» ብሎ የጻፈ 15 ኦቨር ከ6 ኳስ፣ ማለትም 126 ኳስ ማለቱ ነው። የወርዋሪዎችን ሥራ ለማነጻጸር ሁሉንም ወደ ኳስ ይለውጡ።

ጥያቄ፦ የእግር ኳስ (በእጅም የሚያዘው የአውስትራሊያው ዓይነት) ክለቡ ከክሪኬቱ ተወለደ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ስለ እናንተ ክለብ መዝገቡ ይናገር፤ በሜልበርን ግን እንግዳ ነገር አይደለም። በሐምሌ 1858 ቶም ዊልስ የተባለ ክሪኬተኛ በጋዜጣ በታተመ ደብዳቤ ክሪኬተኞች ክረምቱን ሰውነታቸው እንዳይላላ የእግር ኳስ ክለብ እንዲያቋቁሙ ጠየቀ፤ በዓመቱ የሜልበርን ክለብ ደንብ ተጻፈ። ስለዚህ የጎደለ ቃለ ጉባኤ ካለ የእግር ኳሱን ቁም ሣጥን ያስፈትሹ። ሴቶቹንም አይርሱ፦ በወንዶቹ ቃለ ጉባኤ ሻይ ሲያፈሉ ብቻ ቢታዩም፣ የመጀመሪያው የሴቶች ቴስት ብሪዝበን ላይ የተደረገው በታኅሣሥ 1934 ነው። የሴቶች ቡድን ኖሮ እንደሆነ በትሮቭ ለብቻው ይፈልጉ።