የጡት ኢምፕላንት ደጋግሞ ሲያስቸግር፦ ይውጣ ወይስ ይቀየር?

ከሀዋሳና ከአካባቢዋ የደረሱኝን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ። ብዙዎቻችሁ ኢምፕላንቱ (በሲሊኮን ወይም በጨው ውሃ የተሞላው ሰው ሠራሽ የጡት ሙሌት) የገባላችሁ ውጭ አገር ስለሆነ ክትትሉ ተቋርጧል፤ እዚሁ ሆናችሁ ልታደርጉት የምትችሉትን አስቀድማለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ የግራው ሁለት ጊዜ ጠንክሮብኝ ተቀየረ። አሁን ለ3ኛ ጊዜ እየጠነከረ ነው። እንደገና ላስቀይረው?

መልስ፦ እኔስ ይውጣ እላለሁ። ሰውነት በማንኛውም ባዕድ ነገር ዙሪያ ስስ የጠባሳ ከረጢት ይሠራል፤ ካፕሱል የሚሉት እሱን ነው፣ በራሱ በሽታ አይደለም። ከረጢቱ ወፍሮ ሲኮማተር ግን ኢምፕላንቱን ይጨምቀዋል። ሐኪሞች በ4 ደረጃ ይመድቡታል፦ 1ኛው ለስላሳ፣ 2ኛው ሲነካ ጠንከር ያለ ግን ቅርጹ ያልተለወጠ፣ 3ኛው ጠንካራና ቅርጹ የተበላሸ፣ 4ኛው በዚያ ላይ የሚያም። 1ኛና 2ኛው በክትትል ይያዛሉ፤ ቀዶ ጥገና የሚታሰበው ከ3ኛው ጀምሮ ነው። አንዴ የተኮማተረ ጡት ውስጥ አዲስ ሲገባ ደግሞ መልሶ የመኮማተር ዕድሉ ከመጀመሪያው ይበልጣል። አንዱ ምክንያት ኢምፕላንቱ ላይ እንደ ስስ ልባስ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ትኩሳት ላያመጡ ይችላሉ፣ አንቲባዮቲክም በደንብ አይደርስባቸውም። ስለዚህ ኪኒን እየደጋገሙ መዋጥ ጊዜ ማባከን ነው። የግድ መልሼ አስገባለሁ ካልሽ የድሮው ከረጢት ይውጣ፤ ኢንፌክሽን ከነበረም ቦታው ጥቂት ወራት ባዶ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ከገባልኝ 9 ዓመት ሆኖኛል። አንዱ ጡቴ በ2 ሳምንት ውስጥ አበጠ፣ አያምም። ልጠብቅ?

መልስ፦ አንድ ሳምንትም አትጠብቂ። ከዓመታት በኋላ ኢምፕላንቱ ዙሪያ ውሃ ሲቋጠር መጀመሪያ መጣራት ያለበት ከረጢቱ ላይ የሚነሳ ሊምፎማ፣ ማለትም የነጭ የደም ሴሎች ካንሰር ነው። ብዙ የሚያጋጥም አይደለም፤ በአብዛኛው የሚያያዘው ላያቸው ሻካራ ከሆኑ ኢምፕላንቶች ጋር ነው። የአለርጋን ባዮሴል የተባለው ሻካራ ዓይነት በ2019 ከገበያ የተሰበሰበው በዚህ ምክንያት ነው። (ይህ ዓይነት ኖሯት ምንም ምልክት የሌላት ሴት ግን ለማስወጣት መጣደፍ የለባትም፤ ክትትል ታድርግ።)

አልትራሳውንድ ተነሺ። ፈሳሽ ከታየ በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ይቀዳ፤ በግምት ከተወጋ ኢምፕላንቱ ሊበሳ ይችላል። ከተቻለ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ወደ ፓቶሎጂ (ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል) ይላክ፣ መጠየቂያ ወረቀቱ ላይም «የጡት ኢምፕላንት አላት፣ ሲዲ30 ይሠራ» ተብሎ ይጻፍ። ሲዲ30 ይህን ካንሰር ለመለየት የሚረዳ ምርመራ ነው፤ ካልተጻፈ ካንሰሩ በተራ ምርመራ ሊያመልጥ ይችላል። ምርመራው እዚህ ካልተሠራ ናሙናው አዲስ አበባ ይላክ እንጂ እንዳይደፋ። በጊዜ ከተደረሰበት፣ ኢምፕላንቱ ከነሙሉ ከረጢቱ ሲወጣ አብዛኞቹ ይድናሉ።

ጥያቄ፦ የኢምፕላንቱ ዓይነት የተጻፈበት ካርዴ ጠፍቶብኛል። መፈንዳቱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ውስጡ ያለው የጨው ውሃ ከሆነ ጡቱ በቀናት ውስጥ ስለሚሟሽሽ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ሲሊኮን ግን ሳይታወቅ ሊፈነዳ ይችላል። ምልክት ባይኖርም ከገባ ከ5 እስከ 6 ዓመት ላይ፣ ከዚያ በየ2 ወይም 3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ ይታይ። የፈነዳ ሲሊኮን ይወጣል። ከተሠራሽበት ሆስፒታል የቀዶ ጥገናውን ጽሑፍ አስልኪ፦ አምራቹ፣ የላዩ ዓይነት፣ መጠኑ (ስንት ሲሲ)፣ መለያ ቁጥሩ። በ2010 የታገደው የፈረንሳዩ ፒአይፒ ከሆነ ባይፈነዳም ስለማስወጣት ሐኪም አማክሪ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ድካምና የመገጣጠሚያ ሕመም አልለቃት አለ። ከዚህ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሊሆን ይችላል፤ ግን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም። አስቀድሞ የደም ማነስ፣ የታይሮይድና የሪህ ምርመራ ይደረግላት። ሲወጣላቸው የተሻላቸው አሉ፣ ያልተሻላቸውም አሉ። ውሳኔውን ለእሷ ተውላት።

ጥያቄ፦ ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት? ከዚያስ በኋላ?

መልስ፦ ካንሰር ካልተጠረጠረ ሁልጊዜ አያስፈልግም። ጡንቻ ሥር ያለ ከረጢት የጎድን አጥንት ላይ ስለሚጣበቅ በግድ ሲላጥ የሳንባን ሽፋን ሊቀድ ይችላል። የወጣው ግን ፓቶሎጂ ይግባ፤ ይህን ከቀዶ ጥገናው በፊት አስረግጠሽ ተናገሪ። የሚሠራሽ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ይሁን። በአዲስ አበባ የካቲት 12 እና አለርት ሆስፒታሎች በዚህ ሙያ ይታወቃሉ።

ድሬን (ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ከተደረገልሽ የሚወርደውን ጠዋትና ማታ ለክተሽ ጻፊ። ብዙ ጊዜ የሚነቀለው በ24 ሰዓት የሚወርደው ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ሳይነቀል ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘሽ ሀዋሳ አትመለሺ። ስትመለሺ በደረትሽና በመኪናው ቀበቶ መካከል ትንሽ ትራስ አድርጊ። ከዚያም ለ4 ሳምንት ያህል ውሃ የሞላ ጄሪካን አታንሺ፣ ኮብልስቶን ላይ በባጃጅ ከመንገጫገጭም ተቆጠቢ። ጡቱ በድንገት ካበጠና ከተወጠረ ውስጡ እየደማ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂጂ።