ተናድጄ ነው እንጂ ቂም የለኝም

ጥያቄ፦ መምህር፣ ወንድሜ የአባታችንን ቤት ሳያማክረኝ አከራይቶ ኪራዩን ለብቻው ይበላል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አላናገርሁትም። እኔ «ተናድጄ ነው እንጂ ቂም የለኝም» እላለሁ። ባለቤቴ ግን «ቂም ይዘሽ እንዴት ትቆርቢያለሽ?» ይለኛል። ንዴትም ከቁርባን ይከለክላል?

መልስ፦ እኅቴ፣ መናደድሽ አይገርምም። ቁጣ ሁሉ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን በሰንበት እጁ የሰለለችውን ሰው ሲፈውስ፣ ሊከሱት የሚጠባበቁትን በቁጣ እንዳያቸው ማርቆስ ጽፏል (3፥5)። እዚያው ላይ ግን «ስለ ልባቸው ድንዛዜ አዝኖ» ይላል። ይህችን ነገር አትለፊያት። የተቆጣባቸው ሰዎች አሳዝነውታል። አንቺስ ወንድምሽ ያሳዝንሻል? ወይስ ክፉ ገጠመው ቢሉሽ ደስ ይልሻል?

ንዴት ቱግ ይልና ይበርዳል። ቁጣ ደግሞ «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቃል። ቂም አይጠይቅም፤ ቀን ይጠብቃል። ዔሳውን ተመልከቺ። የእሱም ነገር የቤተሰብ ጣጣ ነበር። ወንድሙ ያዕቆብ በወሰደበት የአባታቸው በረከት ምክንያት ቂም ሲይዝ በልቡ ያለው «አባቴ ሲሞት ወንድሜን እገድለዋለሁ» ነው (ዘፍ. 27፥41)። እስከዚያ ድረስ ዝም።

የእኛ ቤት በሽታ ደግሞ ኩርፊያ ነው። ጩኸት የለ፣ ስድብ የለ፤ ስለዚህ ጨዋነት ይመስለናል። አንቺም ያለሽው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሐዋርያው «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ያለው እንዲህ ዓይነቱ ነገር ሲያድር ስለሚከፋ ነው (ኤፌ. 4፥26)። በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ፣ ሲል አጠገብሽ ላለው ሰው ጎንበስ ትያለሽ፣ ምናልባትም ለማታውቂው። ወንድምሽ ግን ስልክ እንኳ አይደወልለትም።

ስለዚህ ደውይለት። ይቅር ማለት ድርሻን መተው አይደለም። «ኪራዩ የጋራችን ነው፣ ተናድጃለሁ» በይው። እምቢ ካለ ሽማግሌ ላኪ። እሱም ካልሆነ በሕግ መጠየቅ ይቻላል፤ ክፋቱን ሳትመኚ ከሆነ ኃጢአት አይሆንብሽም። ጳውሎስም «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ብሎ ነው ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ ያለው (ሮሜ 12፥18)። በእሱ በኩል ያለውን አትጠየቂበትም።

ስለ ቁርባኑ ግን የሚወስኑት የንስሐ አባትሽ ናቸው፤ እኔም አይደለሁ፣ ባለቤትሽም አይደለም። ስትሄጂ «ተናድጄ ነው» ብለሽ አትለፊው፤ ስንት ጊዜ እንዳኮረፍሽው ሳይቀር ንገሪያቸው።