ሳጥኑ ምስል ያሳያል፣ ዩቲዩብ ግን ምንም አይደርሰውም

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ፦ የለጠፍከውን የኢንኮደር ሳጥኑን የማስተካከያ ገጽ ፎቶ አሁኑኑ አጥፋው። ስትሪም ኪዩ፣ ማለትም ወደ ቻናላችሁ ለማስተላለፍ የሚያስፈልገው ምስጢራዊ ቁልፍ፣ ከነሙሉ ፊደሉ ይነበባል። እሱን የያዘ ማንም ሰው በደብራችሁ ቻናል የፈለገውን በቀጥታ ማስተላለፍ ይችላል። ማጥፋቱም ብቻውን አይበቃም፤ እስካሁን ስንት ሰው እንዳየው አይታወቅምና ዩቲዩብ ስቱዲዮ ገብተህ ቁልፉን ሪሴት አድርገው። ከዚያ አዲሱን ሳጥኑ ላይ አስገባ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁን ኢንኮደር፣ የካሜራውን ምስል ወደ ኢንተርኔት የሚልከውን ሳጥን፣ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከካሜራው ጋር አገናኝታችኋል። የሳጥኑን ገጽ በላፕቶፕ ስትከፍቱ ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ዩቲዩብ ግን ምንም አልደረሰኝም ይላል። በዚያው ላፕቶፕ ኦቢኤስ በሚባለው የማስተላለፊያ ፕሮግራም ስትልኩ ይሠራል። ንግሡ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ «ሳጥኑ ተበላሽቶ ይሆን?» ነው ያልከው።

አይመስለኝም። ምስሉ የሳጥኑ ገጽ ላይ ከታየ ካሜራውም፣ ገመዱም፣ ሳጥኑም የየድርሻቸውን ሠርተዋል። ስለዚህ እነሱን አትንኳቸው። እኔ በማገለግልበት ደብር ይኸው ችግር ሲገጥመን ሁለት ቀን ሙሉ ገመድ ስንቀይር፣ ካሜራ ስንለዋውጥ ከርመናል። ጭራሽ አዲስ የኤችዲኤምአይ ገመድም ገዛን። በመጨረሻ ኔትወርክ የሚሠራ አንድ ዲያቆን መጥቶ «ዲኤንኤሱ ምን ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስርጭቱ ወጣ።

የእናንተም እዚያው ጋ ነው። ፎቶው ላይ የሳጥኑ አይፒ፣ ማለትም የኔትወርክ አድራሻው፣ 192.168.1.168፣ ጌትዌዩ 192.168.1.1፣ ዲኤንኤሱ ደግሞ 0.0.0.0 ነው። ራውተራችሁ ሲም የሚገባበት ሆኖ ገጹ በ192.168.8.1 እንደሚከፈት አንተው ጽፈሃል። ሳጥኑና ራውተሩ የተለያየ ሰፈር ነው ያሉት ማለት ነው። ጌትዌይ ሳጥኑ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት በር ነው፤ የነገራችሁት በር ደግሞ እናንተ ግቢ ውስጥ የለም። በሩ ቢገኝ እንኳ የዩቲዩብን አድራሻ ወደ ቁጥር የሚተረጉምለት ዲኤንኤስ ስለሌለው የት እንደሚሄድ አያውቅም። ላፕቶፑ የሠራው በኬብል ከሳጥኑ ጋር ሲገናኝ በጎን በዋይፋይ ኢንተርኔት ስለነበረው ነው። ሳጥኑ ያንን ዋይፋይ አይጋራም።

እንዲህ አድርጉ። የሳጥኑ የኔትወርክ ገጽ ላይ አይፒውን 192.168.8.50፣ ማስኩን 255.255.255.0፣ ጌትዌዩን 192.168.8.1፣ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 አድርጋችሁ ሴቭ አድርጉ፤ ከዚያ ሳጥኑን አጥፍታችሁ አብሩት። በዚህ ጊዜ ገጹ ይጠፋባችኋል። አትደንግጡ፤ አድራሻው ስለተቀየረ ነው። የሳጥኑን የኔትወርክ ገመድ ከላፕቶፑ ነቅላችሁ ራውተሩ ላይ ሰኩት። ላፕቶፑ ላይ በእጅ የጻፋችሁትን አይፒ አጥፉና ወደ አውቶማቲክ መልሱት። ከራውተሩ ጋር ሆናችሁ 192.168.8.50 ብላችሁ ክፈቱ። ብዙ ሰው እዚህ ደረጃ ላይ ሳጥኑ የሞተ መስሎት የሪሴት ቁልፉን ይጫንና ከዜሮ ይጀምራል።

ሌላው፣ ዩቲዩብ የሰርቨር አድራሻና ቁልፍ ለየብቻ ይሰጣል፤ አንዳንድ ሳጥን ግን ያለው አንድ መጻፊያ ቦታ ብቻ ነው። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ አድራሻውን ጻፉ፣ አንድ እዝባር (/) አድርጉ፣ ቁልፉን አስከትሉ። በመሃል ባዶ ቦታ እንዳይገባ። ከስልክ ኮፒ ሲደረግ መጨረሻ ላይ የምትገባ አንዲት ክፍት ቦታ ብዙ ሰው አድክማለች።

በተመሰጠረው መንገድ፣ በአርቲኤምፒኤስ የምትልኩ ከሆነ የሳጥኑን ሰዓትና ቀን እዩ። አንዳንዶቹ ውስጣቸው ባትሪ ስለሌላቸው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀናቸው ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል፤ ያኔ የሰርቨሩን ሰርተፍኬት፣ ማለትም የማንነት ማረጋገጫውን፣ አይቀበሉም። ሰዓቱን ራሱ ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል የሚያዝ ማስተካከያ ካለ አብሩት።

ስለ ጥራቱ ደግሞ፦ 1080 ላይ በሰከንድ 8 ሜጋቢት አድርጋችሁታል። ለሲም ራውተር ይህ በዛ። የንግሥ ዕለት ግቢው ሲሞላ ያ ሁሉ ሕዝብ በስልኩ የሚጠቀመው የእናንተው ራውተር የተያያዘበትን ማማ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የለካችሁት ፍጥነት የዚያን ቀን አይገኝም። ስትለኩም የማውረጃውን ሳይሆን የመላኪያውን ፍጥነት ነው የምታዩት። ከምታገኙት ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ። እኔ ብሆን 720፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ 2.5 ሜጋቢት፣ ቢትሬቱን፣ ማለትም በሰከንድ የሚላከውን የመረጃ መጠን፣ የማይዋዥቀው ሲቢአር አደርገዋለሁ። ምስሉን የሚያጨምቀው ኮዴክ ኤች 264 ይሁን። ኪይ ፍሬም፣ ማለትም ሙሉው ምስል የሚላክበት ፍሬም፣ በየ2 ሰከንዱ ነው የሚፈለገው፤ ሳጥኑ በፍሬም ብዛት የሚቆጥር ከሆነ 50 ብላችሁ ጻፉ። በዚህ አያያዝ ለ6 ሰዓት ያህል ስታስተላልፉ ከነድምፁ ወደ 7 ጊጋባይት ትጨርሳላችሁ፤ ፓኬጁን በዚያ ልክ አስቀድማችሁ ግዙ። በአጠገባችሁ ፋይበር የገባለት ቢሮ ካለ ግን አስፈቅዳችሁ ከዚያ የኔትወርክ ገመድ ሳቡ። ከየትኛውም ሲም ይሻላል።

ካሜራውን በ25 ወይም በ50 አድርጉት፤ ሹተሩ 1/50 ይሁን። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ60 ስትቀርጹ የመቅደሱ ፍሎረሰንት ይብለጨለጫል።

ድምፁ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኔ ቁስል እዚያ ነው። አንድ ዓመት የማኅሌቱን ስርጭት ስንጀምር የማይክሮፎኖቹን ድምፅ የሚያቀላቅለው ሚክሰር ላይ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ ሁሉም ያማረ ነበር። 40 ደቂቃ ያህል ወደ ተመልካች የወጣው ግን ድምፅ አልባ ምስል ነው። ሳጥኑ ድምፁን ከኤችዲኤምአዩ እንዲወስድ ታዝዟል፤ እኛ ደግሞ የሚክሰሩን ገመድ ሳጥኑ ራሱ ላይ ባለው የድምፅ መግቢያ ሰክተን ነበር። አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችን «እናቴን እንኳ ቀብሬ ያላለቀስኩት፣ ዛሬ ወረቡን መስማት ሲያቅተኝ አለቀስኩ» ብላ ጻፈችልን። ያን ጽሑፍ አልረሳውም። ለእኛ አንድ ማስተካከያ ናት፤ ሌሊት ከአሠሪዋ ተደብቃ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለያዘችው ግን ዓመት የጠበቀችው ሌሊት ነበር።

ስለዚህ አንድ ሰው መድቡ፤ ሥራው የራሱን የስልክ ዳታ ከፍቶ ስርጭቱን እንደ ተመልካች ከዩቲዩብ ላይ ማዳመጥ ብቻ ይሁን። ከሚክሰሩ አይስማ፣ ካሜራም አይያዝ። ድምፁ ከምስሉ ከቀደመ የድምፅ ማዘግያውን ከ100 ሚሊሰከንድ ጀምራችሁ እያያችሁ ጨምሩ። «እምምም» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሚክሰሩና ሳጥኑ ኃይል የሚያገኙት ከአንድ ሶኬት ይሁን።

ሳጥኑና ራውተሩ የሚወስዱት ኃይል ትንሽ ነው፤ መብራት ቢጠፋ አንድ አነስተኛ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ) ጄኔሬተር እስኪነሳ ሁለቱንም ያቆያቸዋል። ራውተሩን አትርሱ፤ ሳጥኑ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ምንም አይወጣም።

የኔትወርኩን ነገር እንዳስተካከላችሁ ሞክሩና ሳጥኑ የሁኔታ መግለጫው ላይ ምን እንደሚል እዚሁ ጻፍልኝ። ፎቶ ከላክህ ቁልፉን ሸፍነው። ከመጪው እሑድ ኪዳን ጀምራችሁ እስከ ቅዳሴው ፍጻሜ ለሕዝብ ሳታሳዩ በድብቅ አስተላልፉ፤ ሳጥኑ ከሦስት ሰዓት በላይ ሲሠራ ይግል እንደሆነም በእጃችሁ ዳስሱት። ማታ ከሥራ ስመለስ መልስህን አያለሁ።